ከእጅ የሚጀምር ሣጥን

(ባሕር ዳር ውስጥ የእጅ ሥራ ለሚወዱ ወጣቶች የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ ያላችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የማሳያችሁ ነገር በሩቁ አይታይም።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ያለቀለት የአርኬድ ጨዋታ ማሽን ነው። ስክሪን አለው፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ ማለትም በእጅ የሚገፋ ዘንግ አለው፣ ቀያይ ቁልፎች አሉት። ስትገቡ ሁላችሁም ያያችሁት እሱን ነው። ከጎኑ ያለው ደግሞ ካርቶን ነው። ተቆራርጧል፣ በፕላስተር ተለጣጥፏል፣ በማርከር ተሞነጫጭሯል። ላዩ ላይ የለስላሳ ቆርኪ ተለጥፎበታል። ዛሬ ይበልጥ የማወራችሁ ስለ ካርቶኑ ነው። ማሽኑ ደህና ሆኖ የወጣው በካርቶኑ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ጆተኒ ላውራ።

ባሕር ዳር አድጎ ጆተኒ ያልነካ ሰው ያለ አይመስለኝም። ግሽ ዓባይ በሉት፣ ሽምብጥ በሉት፣ የሆነ ጥላ ሥር አንድ ጆተኒ አይጠፋም። አራት ሰው ይጫወታል፣ ስምንት ሰው ያያል። የተሸነፈ ይወጣል፣ ተረኛ ይገባል። የጓደኛችሁ ክርን ጎናችሁን ይወጋችኋል። ጎል ሲገባ ጩኸቱ መንገድ ማዶ ይሰማል።

አርኬድ ለእኔ የጆተኒ ዘመድ ነው። ቁም ሣጥን የሚያህል ማሽን፣ ፊቱ ላይ ስክሪን፣ ከስክሪኑ ሥር ጆይስቲክና ቁልፍ። በሌላው ዓለም በየመዝናኛው ቆሞ ሳንቲም እየጎረሰ ያጫውት ነበር። ታሪኩን ብታዩት የእጅ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 አታሪ የተባለው ኩባንያ ፖንግ የተባለውን ጨዋታ ሲያወጣ ለአንድ ተጫዋች የተሰጠው የሚዞር እጀታ ብቻ ነበር፤ እንደ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ያለ። በ1980 የናምኮው ቶሩ ኢዋታኒ ፓክማንን ሲሠራ አንድ ጆይስቲክ ብቻ አደረገለት። የሚጫኑት ቁልፍ የለም፤ ወደ አራቱ አቅጣጫ መሄድ ብቻ። በ1991 ደግሞ የካፕኮም ስትሪት ፋይተር 2 መጣ፤ አንድ ጆይስቲክና ስድስት ቁልፍ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕል ተለወጠ፣ አማረ። ከሥር ያለው ጥያቄ ግን ያው አንድ ነው፤ እጅ የት ያርፋል?

እኔ ኮምፒውተር በመጠገን ነው የምተዳደረው። ስለዚህ ማሽን ማሰብ የጀመርኩት ባለፈው ክረምት ነው። የእህቴ ልጆች እኛ ቤት ሰነበቱ። ሴቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወንዱ አሥራ አራት። አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሁለት ስልክ ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው አንድ ሰዓት ሙሉ ቃል ሳይነጋገሩ አየኋቸው። አልተጣሉም። ዝም ብለው ብቻ ነው። ልቤን ከበደኝ። እኔና እህቴ በእነሱ ዕድሜ ጆተኒ ላይ ስንጨቃጨቅ ነበር የምንውለው። አንድ ስክሪን ፊት ለፊት ላቆማቸው ፈለግሁ። እንዲጋፉ፣ ተራ እንዲጠብቁ፣ እንዲጮሁ።

በእኔ ሙያ ያለ ሰው ምን ያስቀድማል? ኮምፒውተሩን። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። የትኛው ፕሮሰሰር፣ የትኛው ሶፍትዌር እያልኩ ሁለት ሳምንት አነበብኩ። ከዚያ አንድ ንድፍ ከኢንተርኔት አትሜ ወደ አንድ አናጺ ሄድኩ። ጋሼ ነው የምላቸው። ጆተኒ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አላዩትም። «ማን ነው የሚጫወትበት?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ቁመታቸው ስንት ነው?» አላውቅም። «ቆመው ነው ተቀምጠው?» እሱንም አላሰብኩበትም። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ጆተኒ የሚበላሸው እጅና ሆድ ከሚያርፍበት ነው። መጀመሪያ እሱን ለካ። ሌላው ጣውላ ነው።»

ወደ ቤት ተመልሼ ካርቶን ፈለግሁ።

የኤሌክትሮኒክስ መሸጫዎች የፍሪጅና የቴሌቪዥን ካርቶን አያጡም። ወፍራም ነው፣ በቢላ ይቆረጣል፣ በፕላስተር ይያያዛል። የማሽኑን ሁለት ጎኖች በንድፉ መጠን ቆረጥኩ። ፊቱን ገጠምኩ። ስክሪኑ በሚገባበት ቦታ ስልኬን በፕላስተር ለጠፍኩ። ለቁልፍ ደግሞ ቆርኪ ተጠቀምኩ። የአርኬድ ትልቁ ቁልፍ 30 ሚሊ ሜትር ነው። የጠርሙስ ቆርኪ ከጫፍ እስከ ጫፍ 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ የተሻለ ማስመሰያ በነፃ አታገኙም። ጆይስቲኩ የመጥረጊያ እንጨት ቁራጭ ሆነ።

ልጆቹን ጠራሁና «ተጫወቱ» አልኳቸው። ስልኩ ላይ የጨዋታ ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። የምር እንደሚጫወቱ ሆነው ቆርኪውን ይጫኑ ጀመር። እኔ ዝም ብዬ አየሁ። ሦስት ቀን እንዲህ ቆየን። በእነዚያ ሦስት ቀናት የተማርኩት ሁለት ሳምንት ካነበብኩት ይበልጣል።

አንደኛው ነገር ክርን ነው። የመጀመሪያው ካርቶን 48 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነበረው። ብዙ ንድፎች ላይ የምታገኙት መጠን እንደዚያ ነው። ለአንድ ሰው ይበቃል። ሁለት ሰው ሲቆምበት ግን በግራ ያለው ልጅ ቀኝ እጅና በቀኝ ያለችው ልጅ ግራ እጅ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። እሷ ትንሽ ስለሆነች ሁልጊዜ የምትገፋው እሷ ናት። ካርቶኑን መሐል ላይ ቆርጬ ቁራጭ ጨመርኩበት። 54 አደረስኩት፣ አልበቃም። 60 ላይ ተመቻቸው። ይህን ጣውላ ከተቆረጠ በኋላ ባውቀው ኖሮ ጣውላውን መጣል ነበር።

ሁለተኛው የእጅ አንጓ ነው። ቆርኪዎቹን ወደ ካርቶኑ ጠርዝ አስጠግቼ ነበር የለጠፍኳቸው። ልጁ ግማሽ ሰዓት ከተጫወተ በኋላ አንጓውን ሲያሽ አየሁት። ጠርዙ ወግቶት ቀይ መስመር ሠርቶበታል። ካርቶን እንዲህ ካደረገ ብረትና እንጨት ምን ያደርጋል? ቁልፎቹን ወደ ውስጥ ገፋኋቸው። ከጠርዙ እስከ መጀመሪያው ቁልፍ 8 ሳንቲ ሜትር ሲሆን መዳፉ ሙሉ በሙሉ ማረፊያ አገኘ።

ሦስተኛው የጣት ርዝመት ነው። ይህን እስቲ አሁን ሞክሩት። እጃችሁን ዘና አድርጋችሁ ጭናችሁ ላይ አስቀምጡ። ጣቶቻችሁ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ? አይሠሩም። የመሐል ጣት ወደፊት ይወጣል፣ ሌባ ጣት ትንሽ ወደኋላ ይቀራል። ቁልፎች በቀጥታ መስመር ከተደረደሩ እጅ ይጠማዘዛል። ስለዚህ እጅን ካርቶኑ ላይ አስቀምጦ የእያንዳንዱን ጣት ጫፍ በማርከር ምልክት ማድረግ ነው። የልጁን በሰማያዊ፣ የልጅቷን በቀይ፣ የእኔን በጥቁር አደረግሁ። ከሦስቱ መሐል የሚያስማማ ቦታ ፈለግሁ። ያ ሁሉ የምታዩት ሙንጭርጭር እሱ ነው። የቁልፎቹ ርቀት ከመሐል እስከ መሐል 36 ሚሊ ሜትር ሲሆን ለሦስታችንም ሠራ። ይህ ቁጥር ብዙ የጃፓን ማሽኖች ላይም ያለ ነው።

ቁመቱን ደግሞ እናቴ ናት የፈታችው። ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ለልጁ ልክ ነው፤ ለልጅቷ ደረቷ ጋ ይደርሳል። እናቴ ቡና እያፈላች ታየን ነበር። «ለእሷ በርጩማ ላይ አውርድላት» አለችኝ። በቃ። ማሽኑ ትንሽ ስለሆነ ይነሳል። ለትልቅ ጠረጴዛ፣ ለትንሽ በርጩማ። ቁመቱ የሚቀያየር እግር ልሠራለት እያሰብኩ ነበር።

ከካርቶን በኋላ ወደ ብረት ልሂድ።

እጅ የሚያርፍበትን ክፍል ከእንጨት ሳይሆን ከላሜራ ነው ያሠራሁት። ምክንያት አለኝ። ቁልፍ ስትገዙ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ተገፍቶ ቀጭ ብሎ የሚገባ ነው፤ ይህ ለቀጭን ነገር የተሠራ ነው። ሌላው ከሥር በብሎን መልክ የሚጠብቅ ነው፤ እሱም ቢሆን ጥርሱ አጭር ከሆነ ወፍራም እንጨት አያልፍም። ከመግዛታችሁ በፊት የጥርሱን ርዝመት ለኩ። ጆይስቲክም እንደዚሁ ነው። 15 ሚሊ ጣውላ ሥር ከታሰረ ዘንጉ ወደ ላይ የሚወጣው አጭር ይሆናል፤ ለመያዝ አይመችም። 2 ሚሊ ላሜራ ይህን ሁሉ ይፈታል። ብየዳ ቤት ወስጄ የፊተኛውን ጠርዝ በማጠፊያ ማሽን ክብ አድርገው አጠፉልኝ። ያ ቀይ መስመር የሠራው ጠርዝ አሁን የለም። ንኩትና እዩት፤ እንደ ወንበር እጀታ ነው። ቀዳዳዎቹን ድሪል ላይ በሚገጠም ክብ መጋዝ አወጡ፤ እኔ በሞረድ አለሰለስኳቸው። ላሜራ ከተቆረጠ በኋላ እንደ ምላጭ ነው። የማስታወቂያ ቤት ያሳተምኩት ስቲከር ከላይ ተለጥፎበታል።

ሽቦው ብዙ ሰው ያስፈራል። አትፍሩት። እያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ማይክሮስዊች የሚባል ትንሽ ማብሪያ አለ። ብዙ ጊዜ ሦስት እግር አለው። አንዱ የጋራ ነው። አንዱ ስትጫኑት የሚገናኝ ነው። አንዱ ደግሞ ሳትጫኑት ተገናኝቶ የሚኖር፣ ስትጫኑት የሚለያይ ነው። እኛ የምንፈልገው የጋራውንና ስንጫነው የሚገናኘውን ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን አንዱን ጆይስቲክ በተሳሳተው እግር አሠርኩት። ማሽኑን ስከፍት ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ ማንም ሳይነካው ወደ ግራ ይሮጣል። ሁለት ሰዓት ሶፍትዌሩን ስመረምር ቆየሁ። ጥፋቱ ግን ሽቦው ነበር። ቴስተር ካላችሁ ከማሠራችሁ በፊት እግሮቹን ፈትሹ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላም አለ። ጆይስቲክ መሐሉ ላይ እንደ ሚዛን ነው የሚያርፈው። ላዩን ወደ ግራ ስትገፉት ታቹ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስለዚህ «ግራ» የሚለው ሽቦ የሚታሠረው በቀኝ በኩል ባለው ማይክሮስዊች ላይ ነው። ላይና ታችም እንደዚያው።

እነዚህ ሁሉ ሽቦዎች ኢንኮደር በሚባል ትንሽ ቦርድ ላይ ይሰካሉ። ቦርዱ በዩኤስቢ ከኮምፒውተሩ ጋር ይገናኛል። ኮምፒውተሩ እንደ ተራ ጆይፓድ፣ በእጅ እንደሚያዝ የጨዋታ መቆጣጠሪያ ነው የሚያየው። ለአንድ ተጫዋች አንድ ቦርድ ነው። ብየዳም አይፈልግም፤ ሽቦው ከነመሰኪያው ይመጣል።

ፓክማን የምትወዱ ካላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ያ ጨዋታ አራት አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስምንት አቅጣጫ በሚሄድ ጆይስቲክ ስትጫወቱት ማዕዘን ላይ ይደናበራል፣ የሚያሳድዷችሁ መናፍስት ይይዟችኋል። ብዙ ጆይስቲኮች ሥር አራት ማዕዘን ፕላስቲክ አለ። እሱን 45 ዲግሪ ስታዞሩት በሰያፍ መሄዱ ይቀራል፤ አራት አቅጣጫ ብቻ ይሆናል። የእህቴ ልጅ ይህን ካደረግሁላት ቀን ጀምሮ ወንድሟን ታሸንፋለች።

እንጨቱ። ይህች ከተማ እንጨትና ብረት ታውቃለች። ፖሊ የምንለው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲቋቋም ካስተማራቸው ሙያዎች መሐል የእንጨት፣ የብረትና የኤሌክትሪክ ሥራ ይገኙበታል። ለዚህ ማሽን የሚያስፈልገው ይኸው ሦስቱ ነው። ጥሩ ባለሙያ ፍለጋ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልጋችሁም።

ጎኖቹ 15 ሚሊ ኤምዲኤፍ ናቸው፤ ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የሚሠራ ጣውላ ነው። 18 ይበልጥ ይጠነክራል፤ ግን ይከብዳል፤ ይህ ደግሞ ከጠረጴዛ ወደ በርጩማ የሚነሳ ነገር ነው። ቺፑድ አልመርጥም፤ ብሎን ሁለት ጊዜ ከፈታችሁበት ይላላል። ኮምፔርሳቶ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ጠርዙን አሳምሮ ለመጨረስ ግን ብዙ ስቱኮ ይፈልጋል። ጋሼ ሲቆርጡ አንድ ነገር ደጋግመው ነገሩኝ። የውጭው ስፋት 60 ከሆነ ውስጡ 57 ነው፤ የሁለቱ ጎኖች ውፍረት 3 ሳንቲ ሜትር ይበላል። የውስጥ ጣውላዎችን 60 ብላችሁ ካስቆረጣችሁ ሣጥኑ አይገጥምም። ቀላል ሒሳብ ነው፤ ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ሲቆረጥ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ የኤምዲኤፍ ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው።

የኤምዲኤፍ ጠላቱ እርጥበት ነው። እኛ ደግሞ ጣና ዳር ነው የምንኖረው። ከሰኔ እስከ መስከረም ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። የደንገል ታንኳ አይታችኋል። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ባለታንኳው አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል፣ እንደገና ይንሳፈፋል። ኤምዲኤፍ እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። አንዴ ውኃ ጠጥቶ ካበጠ አይመለስም። በተለይ የተቆረጠው ጠርዝ እንደ ስፖንጅ ነው። በኮላና በውኃ ቅልቅል ሁለት ጊዜ ቀቡት፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ ከዚያ ነው ቀለም። ከሥሩ አራት የጎማ እግር አድርጉለት። ወለል ሲታጠብ ውኃ እንዳይነካው ነው።

ስክሪኑ ያገለገለ የቢሮ ሞኒተር ነው፤ ባለ 17 ኢንች። ሰፊውን አዲሱን አልፈለግሁም። የድሮ ጨዋታዎች ለአራት በሦስት ቅርጽ ነው የተሠሩት። ሰፊ ስክሪን ላይ ሲከፈቱ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የድሮው ባለ አምስት በአራት ሞኒተር ለእነሱ በጣም ይቀርባል፤ የሚታየው ክፍል 34 በ27 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከጀርባው አራት የብሎን ቀዳዳ ካለው፣ ብዙዎቹ ላይ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ጣውላ ላይ ማሠር ቀላል ነው። ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የእነዚህ ሞኒተሮች አብዛኞቹ ከታች ወደ ላይ ሲታዩ ቀለማቸው ይጠቁራል። ልጅቷ በካርቶኑ ጊዜ ከታች ነበር የምታየው። እውነተኛውን ሞኒተር ካርቶኑ ላይ አስደግፌ ወደኋላና ወደፊት እያጋደልኩ፣ ለሁለቱም ቀለሙ ጥሩ የሆነበትን ቦታ ምልክት አደረግሁ። አንግሉን ከንድፍ ላይ አልወሰድኩም፤ ከዓይናቸው ነው የወሰድኩት።

ሆዳም ቴሌቪዥን ሊጠቀም ያሰበ ካለ ጀርባውን አትክፈቱት። ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ አደገኛ ቮልቴጅ ሊይዝ ይችላል። ሰው ይገድላል።

አሁን ኮምፒውተሩ። ራስበሪ ፓይ የምትባለው ትንሽዬ ኮምፒውተር ጥሩ ናት፤ ካገኛችሁ ተጠቀሙ። እኔ ግን ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ነው የተጠቀምኩት። ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ባትሪው ይይዘዋል። ሞኒተሩ ይጠፋል፤ ጨዋታው ግን ባለበት ይቆያል። ዲስኩም አይበላሽም። መብራት በሚመላለስበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባትሪው ያበጠ ከሆነ ግን አውጥታችሁ ጣሉት፤ እሳት ያስነሳል። ላዩ ላይ የጫንኩት ባቶሴራ የሚባል ነፃ ሥርዓት ነው፤ ከፍላሽ ይነሳል፣ ቀጥታ ወደ ጨዋታ ዝርዝር ያስገባል።

ከሥሩ የሚሠሩት ማሜን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ናቸው። ማሜን ኒኮላ ሳልሞሪያ የሚባል ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1997 ጀመረው። የድሮውን ማሽን ሰርኪት በሶፍትዌር አስመስሎ ይሠራል። ማሽኖቹ እያረጁ ሲጣሉ ጨዋታዎቹ አብረው እንዳይጠፉ ያደረገ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ሰዎቹን አከብራቸዋለሁ። ፕሮግራሙ ነፃ ነው። ጨዋታዎቹ ግን ባለቤት አላቸው። ባለቤቶቻቸው በነፃ የለቀቋቸው ጥቂት አሉ፤ በእነሱ ጀምሩ።

ስለ ኤሌክትሪክ አጥብቄ አንድ ነገር ልናገር። ሣጥኑ ውስጥ 220 ቮልት ይገባል። ቁልፎቹ ያሉት ደግሞ ላሜራ ላይ ነው። ላሜራው ከምድር ሽቦ ጋር መገናኘት አለበት። ይህን ያለ ኤሌክትሪሽያን አትሥሩ። የ220 ገመዱ በአንድ ጎን ይሂድ፣ የቁልፉ ቀጫጭን ሽቦ በሌላ ጎን። የኋላው በር በብሎን ይዘጋ። ልጅ በካቻቢቴ ካልሆነ በእጁ እንዳይከፍተው።

ለሙቀት ከታች ቀዳዳ፣ ከላይ ቀዳዳ። ሙቅ አየር ራሱ ይወጣል። ግን ቀዳዳውን ባዶውን አትተዉት። እኔ ትቼው ነበር። የሐይቅ ዳር ትንኝ ምሽት ላይ ብርሃን ይወዳል፤ የማሽኑ ግንባር ደግሞ ያበራል። በአንድ ሳምንት ውስጥ የላፕቶፑ ማራገቢያ በትንኝ ተሞላ። አሁን የወንፊት ሽቦ ከውስጥ ተለጥፎበታል።

ድምፁ ቀላል ነው። ስክሪኑ በግራና በቀኝ ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ የድሮ ኮምፒውተር ስፒከሮችን ፈትቼ እዚያ አስገባሁ።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስኩ። ልጁ ትምህርት ቤት ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ትንሽ ተምሯል። «ለምን የራሳችንን አንሠራም?» አለኝ። ምን እንሥራ ስንባባል እናቴ ከወዲያ «ገበጣ» አለች።

ገበጣ ለዚህ ማሽን የተፈጠረ ይመስላል። እኛ ቤት የሚጫወቱት በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር ነው። አሥራ ሁለት ጉድጓድ፣ 48 ጠጠር። በጆይስቲክ ጉድጓድ ትመርጣላችሁ፣ በአንድ ቁልፍ ትዘራላችሁ። ፕሮግራሙም ይገርማል፤ ጉድጓዶቹን ከ0 እስከ 11 ቁጥር ትሰጧቸዋላችሁ፣ አንድ አንድ እየጨመራችሁ ትሄዳላችሁ፣ ከ11 በኋላ ወደ 0 ትመለሳላችሁ። ልጁ ይህን በአንድ ከሰዓት ጻፈው። ያስቸገረን ሕጉ ነው። የእናቴ ሕግና የጎረቤታችን ሕግ አይገጥምም። የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ሲወድቅ ምን ይሆናል? አንዷ ተራው ያልፋል ትላለች፣ ሌላዋ ከፊት ለፊት ያለውን ትበላለህ ትላለች። አራት ቀን ተከራከሩ። በመጨረሻ ልጁ ሁለቱንም ሕግ አስገባ፤ ሲጀመር ይመረጣል። ዝርዝሩ ላይ «የአያቴ» እና «የጎረቤት» ይላል።

እናቴ መጀመሪያ ስትጫወት ደስ አላላትም። «ጠጠሩ አይሰማም» አለች። እውነቷን ነው። ገበጣ ድምፅ አለው፤ ጠጠር እንጨት ላይ ሲወድቅ ጠብ ጠብ የሚለው። ጆሮ በድምፁ ይቆጥራል። የእንጨቱን ገበጣ አምጥተን በስልክ ቀዳነው። ልጅቷ አንድ አንድ እያለች ጣለች፣ ልጁ ቀዳ። አሁን በእያንዳንዱ ጠጠር ያ ድምፅ ይሰማል። እናቴ ከዚያ ወዲህ ቡና ካፈላች በኋላ ትመጣለች። በርጩማውን ስባ ትቀመጣለች። ልጅቷ ከጎኗ ትቆማለች። ወንዱ ተራ ይጠብቃል።

ከመግባታችን በፊት ሁለት ሰዎች ጠይቀውኛል። አንዱ ሳንቲም መቀበያ ይገጠምለታል ወይ አለኝ። ይገጠማል፤ እሱም አንድ ማብሪያ ብቻ ነው። ለቤት ግን አልመክርም፤ ተራ መጠበቁ ይበቃል። ሌላዋ ስንት ጊዜ ፈጀ አለችኝ። ካርቶኑ ሦስት ቀን፤ ሌላው ሁሉ በትርፍ ሰዓት ሁለት ወር። ዋጋውን አልናገርም፤ በየወሩ ይቀያየራል። ከሁሉ በላይ ያወጣሁት ግን ለጆይስቲክና ለቁልፍ ነው። እዚያ ላይ አትቆጥቡ፤ ስክሪን ላይ ቆጥቡ።

እንግዲህ ካርቶኑን ወደ እናንተ ልገፋው ነው። ከሥሩ አዲስ ካርቶን አለ፣ ቆርኪ አለ፣ አራት ዓይነት ማርከር አለ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ኑ። ትልቅና ትንሽ ብትሆኑ ይሻላል። እጃችሁን ዘና አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ጓደኛችሁ የጣቶቻችሁን ጫፍ ምልክት ያድርግ። ሜትሩ እኔ ጋ ነው።